ታሪኩ ሲያልቅብን፦ ለገጸ ባህርይ ጨዋታ አዲስ ሴራ ከየት ይመጣል?

በትምህርት ቤታችሁ የፀረ ኤች አይ ቪ ክበቡ ጭውውት ሲያቀርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካያችሁ ታሪኩን ሳላየው ልንገራችሁ። ከገጠር የመጣች አንዲት ቆንጆ ተማሪ አለች። ሁለት መጥፎ ጓደኞች አሏት። ከዚያ መኪና ያለው ቦርጫም ሰውዬ ብቅ ይላል፤ ሞባይል ይገዛላታል። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ ማሳል ትጀምራለች። መጨረሻ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች እያለቀሱ ይወጡና አንድ ልጅ ወደ ፊት ራመድ ብሎ «ስለዚህ ወጣቶች፣ እንጠንቀቅ!» ይላል። ጭብጨባ። አልተሳሳትኩም አይደል?

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ እንደመሆኔ ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች ክበባት ጋር እሠራለሁ። ይህን ታሪክ ስሙ እየተቀያየረ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ትወናቸውም ያስቃል፣ ያስለቅሳል። ችግሩ ሴራው ነው። ተመልካቹ ሰውዬው ገና ከመኪና ሲወርድ መጨረሻውን ስለሚያውቅ ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ወሬ ይጀምራል። ከዚህ የከፋ ሌላም ነገር አለ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ከቫይረሱ ጋር የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ መድኃኒት የሚወስድ፣ ይህንንም ለማንም ያልተናገረ ልጅ ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ ከዓመት ዓመት የሚሰማው «ትታመማለች፣ ትሞታለች» የሚለውን ብቻ ነው። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ ከቆየ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ጭውውታችን ግን ከ1997 ዓ.ም በፊት ቆሞ ቀርቷል።

በመሆኑም በዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ ጨዋታ ላጫውታችሁ አስቤያለሁ። ዋናው ጉዳዬ ለጨዋታው አዲስ ሴራ እንዴት እንደሚፈለግ ነው። «ሴራ» ስል በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማራችሁትን ማለቴ ነው እንጂ ሰው ላይ የሚጠነሰሰውን አይደለም!

መድረክ የሌለው ድራማ

ጨዋታው የገጸ ባህርይ ጨዋታ ይባላል። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይይዛሉ። ተራኪው ሁኔታውን ይናገራል፤ «መሽቷል፣ ዝናብ እየጣለ ነው፣ በሩ ተቆልፏል። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ በየገጸ ባህርያቸው ሆነው ይመልሳሉ። «መስኮቱን እሞክራለሁ» ሊል ይችላል አንዱ። ነገሩ ይሳካ አይሳካ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። የሉዶ ዳይስ ይበቃል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ተሳካ፣ ከዚያ በታች ከሆነ አልተሳካም፣ ወይም ተሳክቶ ሌላ ጣጣ አመጣ። ተመልካች የለም። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም። አሸናፊና ተሸናፊም የለም። መጨረሻውን ደግሞ ተራኪውን ጨምሮ ማንም አያውቀውም።

ይህ ጨዋታ የተወለደበት ታሪክ ራሱ ስለ ሴራ ብዙ ያስተምራል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው የጥንት ጦርነቶችን እንደገና የሚዋጉ ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ወጣት ለየት ያለ ነገር ሞከረ። ዘመኑ የናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ነው፤ ጦር ብራውንስታይን ወደምትባል የፈጠራ ከተማ እየተቃረበ ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን ጦሩን የሚያዙት ብቻ ይጫወቱ ነበር። ዌስሊ ግን ለሌሎቹ ጓደኞቹም ቦታ ለመስጠት ሲል የከተማዋን ነዋሪዎች አደላቸው። አንዱ ከንቲባ ሆነ፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ለእያንዳንዱም የሚፈልገውን ነገር ለየብቻው ነገረው።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጦርነቱ ተረሳ። ተጫዋቾቹ ጥግ ጥግ ይዘው መንሾካሾክ፣ መደራደር፣ መዋሸት ያዙ። ጭራሽ ሁለቱ ተጣልተው ፊት ለፊት ይዋጣልን ተባባሉ። ለዚህ የተዘጋጀ ሕግ ስላልነበረ ዌስሊ በቆመበት ሕግ መፍጠር ግድ ሆነበት። ጨዋታው የተበላሸ መሰለው። ጓደኞቹ ግን ሌላ ጊዜ እንድገመው ብለው ያዙት። ከዚያ ቡድን ውስጥ ዴቭ አርነሰን የሚባለው ሐሳቡን አሳደገው፤ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋርም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጫወቱታል። ዋሻ፣ ዘንዶና አስማት የበዛበት ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ዘንዶው ሳይሆን የዌስሊ «ብልሽት» ነው። ዌስሊ ያንን ሁሉ ትርምስ ቁጭ ብሎ አልጻፈውም። ያደረገው ነገር ቢኖር የተለያየ ፍላጎት ያላቸውን ሰዎች በአንድ ከተማ ማስገባት ነው።

መጨረሻውን ሳይሆን ፍላጎቱን ጻፉ

አዲስ ተራኪ የሚሆን ተማሪ ብዙ ጊዜ ደብተር ይዞ ይመጣል። አምስት ገጽ ጽፏል፤ መጀመሪያ ይህ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይህ፣ መጨረሻ ላይ እሷ ትጸጸታለች። ታዲያ ጨዋታው በተጀመረ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንዱ ተጫዋች «እኔ ወደዚያ አልሄድም» ይልና አምስቱ ገጽ ገደል ይገባል። ተራኪው ይናደዳል፤ ተጫዋቹን በግድ ይጎትታል። በዚህ ጊዜ ጨዋታው ወደዚያው ወደ ጭውውቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚዘጋጀው ነገር ሌላ ነው። ማን አለ? ምን ይፈልጋል? የሚፈልገውን እንዳያገኝ የሚከለክለው ማን ነው? ከልካዩ ደግሞ ክፉ ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ እሱም የራሱ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ሲሆን ነው ነገሩ የሚጠብቀው። «መጥፎ ጓደኛ» የሚባል ገጸ ባህርይ እኔ በበኩሌ አልወድም። መጥፎ ለመሆን ብሎ ጠዋት ከአልጋው የሚነሳ ሰው የት አለ?

አንድ ምሳሌ ሰፋ አድርጌ ላሳያችሁ። ከክበባት ጋር ደጋግመን የተጫወትነው ነው።

የደሴ ተማሪዎች ለትምህርታዊ ጉብኝት ወደ ላሊበላ እየሄዱ ነው፤ በሁለት አውቶቡስ። ወልዲያን አልፈው፣ ጋሸና ሳይደርሱ የኋለኛው አውቶቡስ ተበላሸ። ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እየመሸ ነው። ፊተኛው አውቶቡስ ቀድሞ ሄዷል። እንግዲህ አምስት ካርድ አለ። ሔኖክ የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሁልጊዜ ማታ 2 ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ቦርሳው በስህተት ፊተኛው አውቶቡስ ላይ ተጭኗል። የሚፈልገው ቦርሳውን ለምን እንደፈለገው ሳይናገር ማግኘት ነው። ትዕግሥት የቅርብ ጓደኛው ናት፤ ሁልጊዜ ማታ ማታ ከሰው ተለይቶ እንደሚጠፋ አስተውላለች፤ ሲጋራ ማጨስ ጀምሯል ብላ ታስባለች፤ እውነቱን እንዲነግራት ትፈልጋለች። መምህር ግርማ ለ40 ተማሪ ፈርመው ነው የመጡት፤ ማንም ከአውቶቡሱ እንዳይርቅ ይፈልጋሉ። ረዳቱ መለዋወጫ ጎማ ሳይጫን መውጣታቸውን የመኪናው ባለቤት እንዳይሰማ ይፈልጋል። ሰሚራ ደግሞ ባትሪ ያለው ብቸኛ ስልክ በእጇ ነው፤ የቀረው 4 በመቶ ነው፤ የታመመችው እናቷ ማታ እንደምትደውልላት ታውቃለችና ስልኳን ለማንም መስጠት አትፈልግም።

ተመልከቱ እንግዲህ። አንዱ መሄድ ይፈልጋል፣ ሌላው ማንም እንዳይሄድ ይፈልጋል። አንዱ ስልክ ይፈልጋል፣ ስልኩ ያላት የምትሰጥበት ምክንያት አልተነገራትም። አንዷ እውነት ትፈልጋለች፣ እውነቱ ያለው ልጅ ሊናገረው አይችልም። ክፉ ሰው አንድም የለም። ግን ተራኪው «2 ሰዓት ሊሆን 40 ደቂቃ ቀርቶታል» ሲል ጠረጴዛው ይሞቃል።

በአንዱ ክበብ ሔኖክን የያዘው ተጫዋች ረዳቱን አሳመነና ተደብቀው ወደ ቅርቡ መንደር ሄዱ። ዳይሱ 2 መጣ፤ ውሻ አሳደዳቸው፣ ተመለሱ፣ መምህሩም ያዟቸው። በሌላ ክበብ ሰሚራን የያዘች ልጅ ምንም ሳትጠይቅ ስልኳን ሰጠች፤ ከዚያ እናቷ ሳታገኛት ቀረች፤ ጨዋታው በሙሉ ስለ ሰሚራ ሆነ፤ ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። በሦስተኛው ሔኖክ መምህሩን ለብቻ ጠርቶ ነገራቸው። መምህር ግርማን የያዘችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለች። ጠረጴዛውም ዝም አለ። ከዚያ «ስንት ሰዓት ነው የምትወስደው?» ብላ ጠየቀች። ሌላ ምንም አላለችም፤ ለሾፌሩ ስልክ አስደወለች። ያ ጥያቄ እኔ ብጽፈው እንዲህ አይመጣልኝም።

እዚህ ላይ ተራኪው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ለሔኖክ የሚያሰጋው ሞት አይደለም። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ለጥቂት ሰዓታት ቢዘገይ እንደተገኘ ይወሰዳል፤ ለማካካስ ተብሎ ግን ሁለት እጥፍ አይወሰድም። አደጋው ማቋረጥ ሲደጋገም ነው፤ ያን ጊዜ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምድና ሊቋቋም ይችላል። የዚያች ምሽት ጭንቀት እንግዲህ ስለ ምስጢሩ ነው። ሶሺዮሎጂ ስማር ያነበብኩት ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገለል ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ይለያል። ሰው የሚያገልበት ምልክት በግልጽ የሚታይበት ሰው ትግሉ ከሰው ዓይን ጋር ነው። የማይታይበት ሰው ግን ትግሉ ከመረጃ ጋር ነው፤ ልናገር ወይስ አልናገር? ለማን? መቼ? የት? እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ አራት ሴራ ነው።

ሰዓቱ ሲሮጥ

ፍላጎት ብቻውን አንዳንዴ ይቀዘቅዛል፤ ተጫዋቾች «ነገ እናስብበታለን» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ሰዓት ያስፈልጋል። ከጤና እውቀት ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድ ቁጥር አለ፤ 72 ሰዓት። አንድ ሰው ለቫይረሱ ሊያጋልጠው የሚችል ነገር ከደረሰበት፣ ለምሳሌ ያገለገለ መርፌ ቢወጋው ወይም ተገዶ ቢደፈር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መከላከያ መድኃኒት መጀመር አለበት። በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ለ28 ቀንም ይወሰዳል። ከ72 ሰዓት በኋላ ግን ጊዜው አልፏል።

እንግዲህ ዓርብ ማታ ነው። በአንድ የግል ክሊኒክ በጽዳት የምትሠራ ልጅ ቆሻሻ ስታወጣ መርፌ ወጋት። አለቃዋ «ወሬ እንዳይወጣ» ይላል። ታላቅ ወንድሟ ቤት እንድትሆን ይፈልጋል፤ ነገ ዘመድ ይመጣል። ወረቀት ላይ 12 ሣጥን ሥሩ፤ እያንዳንዱ 6 ሰዓት ነው። ተጫዋቾቹ አንድ ነገር ባደረጉ ቁጥር፣ ገንዘብ በተበደሩ፣ መኪና በጠበቁ፣ በተከራከሩ ቁጥር አንድ ሣጥን ይሰረዛል። ሦስት ሣጥን ሲቀር የተጫዋቾቹን ፊት እዩት። ይህን ጨዋታ አንዴ የተጫወተ ተማሪ 72 ቁጥሯን መቼም አይረሳትም።

ዳይሱ ይንገረን

ሁሉም ሐሳብ ሲነጥፍ ደግሞ ዕድልን መጠየቅ ነው። ስድስት የሰፈራችሁን ሰዎች ቁጥር ሰጥታችሁ ጻፉ፤ የባጃጅ ሾፌር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቤት አከራይ፣ የእግር ኳስ አሠልጣኝ፣ ባለ ሱቅ፣ ከአረብ አገር የተመለሰች እህት። በሌላ ዓምድ ስድስት ፍላጎት ጻፉ፤ ደብዳቤ መደበቅ፣ እስከ ቅዳሜ ገንዘብ ማግኘት፣ ወሬ ያስወራውን ማወቅ፣ ሰው ፈልጎ ማግኘት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ከቤት መውጣት። ዳይሱን ሁለት ጊዜ መጣል ነው። 6 በ6፣ 36 ጥምረት ይሆናል። በአጋጣሚ ፈረንሳዊው ዦርዥ ፖልቲ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ የድራማ ሁኔታ ሁሉ ተለቅሞ 36 ነው ብሏል። እኔ እንኳ እንዲህ ተቆጥሮ ያልቃል ብዬ አላምንም፤ ግን ቁጥሩ ዳይስ ላላቸው ሰዎች ይመቻል።

እስኪ እንጣል። 3 እና 5 መጣ እንበል፤ ቤት አከራይ፣ ይቅርታ መጠየቅ። ማንን? ለምን? ወዲያው ታሪክ ይጎነቆላል። ከዓመታት በፊት የተከራይዋን የመድኃኒት ብልቃጥ አይታ፣ ሰሐን ለብቻ አድርጋ፣ በመጨረሻም ያስወጣቻት ሴት ናት። ኤች አይ ቪ በሰሐን፣ በብርጭቆ፣ በመጸዳጃ ቤት እንደማይተላለፍ ያን ጊዜ አላወቀችም፤ ወይም አውቃ ፈርታለች። ተከራይዋ አሁን የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህርት ሆና ተመልሳለች፤ የአከራይዋም ልጅ እሷ ክፍል ነው። ከቫይረሱ ነፃ የሆነ የስድስት ዓመት ልጅም ይዛለች። ይህ ተረት አይደለም፤ ሕክምና በማይደረግበት ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ይህች ሴት በጭውውቱ ውስጥ ነጠላ አዘቅዝቀን የቀበርናት ልጅ ልትሆን ትችላለች። አሮጌው ታሪክ ካለቀበት ቦታ መጀመርም አንድ ዘዴ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የማይደረግ

እንዲህ ዓይነት ሴራ ሰው ስለሚነካ ጥቂት ሕጎች ያስፈልጋሉ። ካርድ በዕጣ ይወሰድ። ተራኪው «አንተ ሔኖክን ሁን» ብሎ አይሾምም፤ ለምን እኔን መረጠኝ የሚል ጥርጣሬ ክፉ ነው። ማንም ሰው «ይሄ የራስሽ ታሪክ ነው እንዴ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ በቀልድም ቢሆን። ከጨዋታው በኋላ ገጸ ባህርዩ እዚያው ይቀራል፤ በነጋታው ግቢ ውስጥ ልጁን «ሔኖክ» ብሎ የሚጠራ ሰው ቢገኝ ክበቡ ሊነጋገርበት ይገባል።

ሌላው የማቆሚያ ካርድ ነው። ጆን ስታቭሮፖሎስ የተባለ አሜሪካዊ ተራኪ ያስተዋወቀው ነው። ትልቅ የኤክስ ምልክት ያለበት ወረቀት ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል። ታሪኩ የከበደው ማንኛውም ተጫዋች ይነካዋል፤ ያ ትዕይንት ይዘለላል፣ ምክንያት አይጠየቅም። አንዳንድ የክበብ አስተባባሪዎች «ልጆቹ ቀልድ ያደርጉታል» ይሉኛል። አንዴ ሁለቴ ሊቀልዱ ይችላሉ። በአንዱ ክበብ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይነካው ቆይቶ በሰባተኛው አንዲት ልጅ ጣቷን አሳረፈችበት፤ ወደሚቀጥለው ትዕይንት ተሻገርን፣ ጨዋታውም እስከ መጨረሻው ቀጠለ።

የጤና መረጃውን በተመለከተ ተራኪው ከራሱ አይፍጠር። ሴራው የፈጠራ ነው፤ 72 ሰዓቷ ግን የፈጠራ አይደለችም። ከጨዋታው በፊት በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያ ባለሙያ መጠየቅ፣ መልሱንም በትንሽ ወረቀት ይዞ መቀመጥ ይቻላል። ሙሉ ዝግጅቱ ከግማሽ ገጽ እንዳይበልጥ እመክራለሁ፤ አምስት ሰው፣ አምስት ፍላጎት፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሦስት የጤና እውነት።

ዳይስ የሌላችሁ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ስድስት ብጣሽ ወረቀቶች ጠቅልላችሁ ኮፍያ ውስጥ ጨምሩ፤ ያወጣችሁትን ቁጥር ካያችሁ በኋላ መልሳችሁ ማስገባት እንዳትረሱ። ለመጀመሪያው ቀን አከራይዋን ልትወስዱ ትችላላችሁ። የወላጆች ስብሰባ ቀን ነው፤ አከራይዋ የልጇን ውጤት ልትቀበል መጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ስም የምትጠራው መምህርት ገና ቀና አላለችም።